ለድሬዳዋ ቤት የሚመጥን የስፕሊት ኤሲ እንዴት ይመረጣል?

ስፕሊት ኤሲ፣ ማለትም አንዱ ማሽን ቤት ውስጥ ሌላው ውጭ የሚሰቀለው ማቀዝቀዣ፣ ሊገዙ ሱቅ ሲገቡ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ "ክፍሉ ስንት ካሬ ነው?" የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በከዚራ ሰፈር በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያለ ክፍልና ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የሚውል የቆርቆሮ ቤት ካሬያቸው እኩል ቢሆንም የሚፈልጉት ኤሲ ይለያያል። ስለዚህ ሂሳቡን ቤትዎ ጨርሰው ይሂዱ።

የኤሲ አቅም የሚነገረው በቢቲዩ ነው፤ በአንድ ሰዓት ከክፍሉ የሚያወጣው ሙቀት ማለት ነው። የተለመዱት መጠኖች 9,000፣ 12,000፣ 18,000 እና 24,000 ናቸው። ሻጩ በቶን ከነገረዎት አንድ ቶን 12,000 ቢቲዩ ነው። በፈረስ ጉልበት ከነገረዎት ግን ቢቲዩውን ከማሽኑ ላይ ራስዎ ያንብቡ።

1. ክፍሉን ይለኩ። ርዝመቱን በወርዱ ያባዙ። 4 በ5 ሜትር የሆነ ሳሎን 20 ካሬ ነው። እንደ ድሬ ባለ ሞቃት ከተማ ለአንድ ካሬ 600 ቢቲዩ ጥሩ መነሻ ነው፤ ስለዚህ 12,000 ይመጣል። ሳሎኑና መመገቢያው መሀል በር ከሌለ ሁለቱንም አንድ ላይ ይለኩ።

2. ጣሪያውን ይመርምሩ። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማየው ይህን ነው። በቀትር የጋለ ቆርቆሮ እጅ አያስነካም፤ ከሥሩ ኮርኒስ ከሌለ ያ ሁሉ ሙቀት ቀጥታ ሰው ላይ ይወርዳል፣ የካሬው ሂሳብም ዋጋ ያጣል። የኮንክሪት ጣሪያ ደግሞ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል፤ መኝታ ቤቱ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላም የሚታፈነው ለዚህ ነው። ትልቅ ኤሲ ከመግዛትዎ በፊት ኮርኒስ ያሠሩ፣ ከላዩ ሙቀት የሚከላከል የፋይበር ግላስ ምንጣፍ ያስነጥፉ፣ የታፈነው አየር የሚወጣበት ቀዳዳም ያሠሩ። ይህ አንዴ የሚከፈል ወጪ ነው፤ የትልቅ ኤሲ መብራት ግን በየወሩ ይከፈላል።

3. ፀሐዩንና ሰዉን ያስሉ። የምዕራብ መስኮት ካለ 10 በመቶ ይጨምሩ፤ ክፍሉ ቀኑን ሙሉ ጥላ ከሆነ 10 በመቶ ይቀንሱ። ሁለት ሰው በሂሳቡ ውስጥ አለ፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 600 ይደምሩ። ምግብ የሚበስልበት ከሆነ 4,000 ያክሉ። ያ 20 ካሬ ሳሎን የምዕራብ መስኮት ኖሮት አራት ሰው ቢቀመጥበት 12,000፣ 1,200 እና 1,200 ተደምሮ 14,400 ይሆናል።

4. በሁለት መጠኖች መሀል ሲወድቁ አይቸኩሉ። ብዙ ሰው "ትልቁ ይሻላል" ብሎ 18,000ውን ያነሳል። አንድ ዘመዴ በሻጭ ምክር ለ12 ካሬ መኝታ ቤት 24,000 አስገጥሞ ነበር፤ በሂሳቡ 9,000 ይበቃው ነበር። ማሽኑ ክፍሉን በደቂቃዎች አቀዝቅዞ ይቆማል፣ ወዲያው ደግሞ ይነሳል። እንዲህ በየጊዜው መነሳትና መቆም ኮምፕረሰሩን ይጎዳል፤ የአየሩን እርጥበት ለማውጣትም ጊዜ አይሰጥም፣ በክረምት ወራት ክፍሉ እየቀዘቀዘ ይወብቃል።

ለ14,400 የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ተራ ኤሲ ከሆነ መስኮቱን ከውጭ በኩል ጥላ አሠርተው 12,000ውን ይውሰዱ። መስታወቱን አልፎ የገባን ሙቀት መጋረጃ መልሶ አያወጣውም፤ ጥላው ከውጭ ይሁን ማለቴ ለዚህ ነው። ኢንቨርተር ከሆነ ግን ኃይሉን እየቀነሰ መሥራት ስለሚችል 18,000ው አያስከፋም።

5. ከማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ያንብቡ። በተለመደው መለኪያ የተጻፈው ቢቲዩ የተለካው ውጭው 35 ዲግሪ ሆኖ ነው። ሙቀቱ ከዚያ ሲያልፍ፣ በድሬ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ያልፋል፣ ማሽኑ የሚሰጠው ከተጻፈው ያንሳል። "ቲ3" የሚል ምልክት ያለው ግን ለሞቃት አገር ታስቦ የተሠራና በ46 ዲግሪ የተለካ ነው፤ ዋጋው ከተቀራረበ እሱን ይምረጡ። ውጭ የሚሰቀለውን ማሽን ፀሐይ በማይመታውና አየር በሚያገኝ ግድግዳ ላይ ያሰቅሉ።

6. የመብራት መስመሩን ሳያስፈትሹ ቀብድ አይክፈሉ። 12,000 ቢቲዩ ኤሲ ከ1,000 እስከ 1,200 ዋት ገደማ ይወስዳል። ከቆጣሪው የሚነሳ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል፤ ከምድጃ ጋር በአንድ ሶኬት አይሰካ። ማታ ማታ አምፖልዎ የሚደክም ከሆነ ቮልቴጁ እየወረደ ነውና ኤሌክትሪሺያኑ በዚያው ሰዓት መጥቶ ይለካው።