ስለ ክርስቶስ ቤዛነት ስናስረዳ የምንሠራቸው ስህተቶች

«ክርስቶስ ስለ እኛ ሞተ» እንላለን። እውነት ነው። ስናብራራው ግን፣ በተለይ ለልጆች፣ ብዙ ጊዜ እንስታለን።

ትልቁ ስህተት አብን ቁጣው ያልበረደለት፣ ወልድን ደግሞ በግድ የተላከ አድርጎ ማቅረብ ነው። ዮሐንስ 3፥16 የሚጀምረው ከፍቅር ነው። 2ኛ ቆሮንቶስ 5፥19 ደግሞ እግዚአብሔር በክርስቶስ ሆኖ ዓለሙን ከራሱ ጋር ያስታርቅ እንደነበር ይናገራል። የተበደለውም፣ ለማስታረቅ የመጣውም እሱ ራሱ ነው። ሁለቱን እንደ ተጣሉ ሰዎች ካወራናቸው አንዱን አምላክ ከፈልነው ማለት ነው፤ የምናስተምረው ልጅም ከአብ ሸሽቶ ወልድ ጋር የሚደበቅ ይሆናል።

ሌላው፣ ክርስቶስን ተሸንፎ የተገደለ ማስመሰል። ነፍሱን ማንም እንደማይወስድበት፣ በፈቃዱ እንደሚሰጣት በዮሐንስ 10፥18 አስቀድሞ ተናግሯል። ሊይዙት ሲመጡም፣ አባቱን ቢለምን ከ12 ጭፍራ የሚበልጡ መላእክት እንደሚሰጡት እያወቀ የጴጥሮስን ሰይፍ ወደ ሰገባው አስመለሰ። በፈቃዱ ስለሆነ ግን ቀለለው ማለት አይደለም። በጌቴሴማኒ ተጨንቋል፣ ጽዋው እንዲያልፍለትም ለምኗል።

ቤዛው ለሰይጣን የተከፈለ ዋጋ ነው የሚሉም አሉ። የቤተ ክርስቲያን አባት የሆነው ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ይህን ገና በ4ኛው ክፍለ ዘመን አጥብቆ ተቃውሞታል፤ ሌባ ምን ካሳ ይገባዋል?

የስቅለት ዕለት ስግደትንም እንደ ክፍያ አትቁጠሩት። ቀኑን ሙሉ ሲሰገድ ተውሎ፣ ማታ ካህናቱ ምእመኑን በወይራ ቅጠል መታ መታ ሲያደርጉት (ጥብጠባ ይባላል) እና ተጨማሪ ስግደት ሲታዘዝ፣ «የኃጢአቴን ዋጋ ከፈልኩ» ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው አለ። መሥዋዕቱ አንድ ጊዜ ቀርቧል። የእኛ ስግደት ንስሐና ምስጋና ነው፤ ለዚያም ቢሆን በጣም ያስፈልገናል።

በጣም የሚያመኝ ግን የመጨረሻው ነው። ባሏ የሚደበድባት ሴት ምክር ፍለጋ ስትመጣ «መስቀልሽን ተሸከሚ፣ ጌታም ችሏል» ይሏታል። እንዴት እንዲህ ይባላል? ጌታ ነፍሱን የሰጠው ማንም ሳያስገድደው ነው፤ እሷን ግን ጉልበት ያለው ሰው እየቀማት ነው፣ ያውም በክርስቶስ ስም እየተጠራ። የፈቃድን መሥዋዕት ለግፍ መሸፈኛ ማድረግ ራሱ ኃጢአት ነው። እንዲህ ያለች እህት ካጋጠመቻችሁ መጀመሪያ ከዚያ ቤት በሰላም እንድትወጣ እርዷት። ስለ ይቅርታ ሌላ ጊዜ ይወራል።