የኦፒዲው ወረፋ እንዴት እንደቀለለ

እኛ ጤና ጣቢያ ኦፒዲ (የተመላላሽ ህክምና ክፍል) ወረፋው አልቀንስ ሲል ሁሉም «ነርስ ይጨመርልን» ነው የሚለው፣ እኔ ግን መጀመሪያ ስራው ምን እንደሆነ ልይ ብዬ ወረቀት ይዤ አንዷን ሲስተር ከጠዋት ጀምሮ ተከተልኳትና የሰራችውን በሙሉ ጻፍኩ፦ ካርድ ፍለጋ፣ የላብራቶሪ ውጤት ለማምጣት መሮጥ፣ ትሪያጅ (በሽተኛው መጀመሪያ የሚታይበትና የሚለይበት ቦታ) የለካውን የደም ግፊት እንደገና መለካት (ካርዱ ላይ አይጻፍማ!)፣ አንዱን ስም ሶስት ሬጅስተር ላይ መገልበጥ። ከዛ እያንዳንዱ ጎን «ይሄ የግድ ነርስ ይፈልጋል?» ብዬ ጻፍኩ። አብዛኛው አይፈልግም። አሁን የቀጠሮ ካርድ ከአንድ ቀን በፊት ይወጣል፣ ውጤት ተላላኪ ያመጣል፣ ግፊት ትሪያጅ ላይ ተለክቶ እዛው ይጻፋል። መርፌና ምክር ግን ከነርስ አልወሰድንም፤ የአለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው የስራ ሽግግር (የጤና ስራን ለሌላ ሰራተኛ የማስተላለፍ) መመሪያም እንዲህ ያለ ስራ ለሌላ ሲሰጥ ስልጠናና ክትትል የግድ ነው። ሬጅስተሩ ገና ነው፣ እሱ ከላይ ነው የሚመጣው።