የአንድ ጎጥ ፕሮፋይል እንዴት ይዘጋጃል? ለጎጃም ገጠር

ብዙው የቀበሌ ፕሮፋይል፣ ማለትም ሕዝቡን፣ መሬቱንና ሀብቱን የሚገልጸው ሰነድ፣ ካምናው ተቀድቶ ቀኑ ብቻ የተቀየረ ነው። በወረቀቱ ላይ ሕዝቡ በየዓመቱ እኩል ይጨምራል፣ በሬ አይሞትም፣ ምንጭ አይደርቅም። እንዲህ ያለውን ወረቀት አምኖ ቦይ የቀየሰ ወይም ማዳበሪያ የደለደለ ባለሙያ ሲሳሳት፣ ዕዳው የሚወድቀው አርሶ አደሩ ላይ ነው። ስለዚህ ከቀበሌ በፊት ከጎጥ ጀምሩ። መቶ ያህል አባወራ ያለበትን ጎጥ ሁለት ሰው በአምስት ወይም በስድስት ቀን በእግር ሊጨርሰው ይችላል።

ከሁሉ በፊት አንድ ልማድ ያዙ፦ ደብተር ላይ የሚገባ ቁጥር ሁሉ አጠገቡ አንድ ፊደል ይኑረው። «ቆ» በዓይናችሁ አይታችሁ የቆጠራችሁት፣ «ለ» የለካችሁት፣ «ጠ» ሰው ጠይቃችሁ ያገኛችሁት፣ «መ» ከመዝገብ የገለበጣችሁት። ይህች ፊደል ከቀረች ነገ አንባቢው ጠንካራውን ቁጥር ከደካማው የሚለይበት መንገድ የለውም።

መቼ ይኬዳል

ሁለት ጊዜ መሄድ ይሻላል። አንደኛው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ነው፤ ጭቃው ደርቋል፣ አዝመራው ገና ማሳ ላይ ስለሆነ የተዘራው በዓይን ይታያል። ሁለተኛው ሚያዝያ ነው፤ ምንጭ የሚያንሰው፣ የከብት መኖ የሚያልቀው ያኔ ነው። በሐምሌ አትሂዱ። ወንዙ ያግዳል፣ ሰዉም ዘር ላይ ስለሆነ ቆሞ የሚመልስላችሁ አታገኙም።

ጥቅምት ላይ የሚያጋጥም አንድ ስህተት አለ። ብዙ ወጣት ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ወርዶ ይሆናል። ቤት ውስጥ ያለውን ብቻ የቆጠረ ሰው ጎጡን የሽማግሌና የሕፃን ጎጥ ያደርገዋል። በየቤቱ «ወጣ ያለ፣ የሚመለስ ሰው አለ?» ብላችሁ ጠይቁና ለብቻው ጻፉት።

ከቀኖቹም ምረጡ። በወሩ በ12፣ በ21፣ በ27፣ በ29 እና ደብሩ በሚያከብራቸው ሌሎች በዓላት አርሶ አደሩ አያርስም። የቡድን ውይይት ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ የሚቀናው በእነዚህ ቀናት ነው። ማሳ ማየትና መለካት ግን በሥራ ቀን ይሁን። የገበያ ቀን ላይ ቤት ለቤት መሄድ ድካም ብቻ ነው።

ምን ይያዛል

የ50 ሜትር ገመድ (እርጥበት ሲነካው የማይሳብ)፣ አራት ችካል፣ የ20 ሊትር ጀሪካን፣ ተንጠልጣይ ሚዛን፣ የ10 ሜትር ሲባጎ ከውሃ ልክ ጋር፣ ሰዓት ያለው ስልክ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተርና እርሳስ። ብዕር ዝናብ ከነካው ይፈሳል።

ወሰኑ የቱ ጋ ነው?

ጎጥ ሲባል ሁሉም የሚያውቀው ይመስላል፤ ሲጠየቅ ግን ሦስት የተለያየ ወሰን ይወጣል። የአስተዳደሩ ጎጥ አለ፣ የደብሩ አጥቢያ አለ፣ እድሩ አለ። ከወንዝ ማዶ ያሉ አሥር ቤቶች ግብር እዚህ እየከፈሉ እዚያ ማዶ ሊቀብሩ ይችላሉ። ፕሮፋይሉ የአስተዳደሩን ወሰን ይከተል፤ የሌሎቹ ልዩነት ግን በአንድ አንቀጽ ይጻፍ። ደቦና ወንፈል የሚጠራው፣ የታመመ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ እድሩ ነውና። ወሰኑን ከሁለት ሽማግሌዎችና ከአንድ ከብት ጠባቂ ወጣት ጋር ዙሩት። ሽማግሌዎቹ የጥንቱን ምልክት ያውቃሉ፣ ወጣቱ ደግሞ ግጦሹ አሁን እስከየት እንደታረሰ ያውቃል።

አባወራና እማወራ መቁጠር

ሦስት ዝርዝር ሰብስቡ፦ የመሬት ግብር ከፋዮችን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዘንድ ያለውን የቤተሰብ ማኅደር፣ የእድሩን መዝገብ። ሦስቱ አይገጥሙም። የማይገጥሙበት ምክንያት ደግሞ ራሱ የጎጡ ታሪክ ነው።

ግብር ከፋይ ማለት ባለይዞታ ማለት እንጂ ቤተሰብ ማለት አይደለም። በአማራ ክልል መሬት የተሸነሸነው በ1989 ነበር፤ ያኔ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ዛሬ የቤተሰብ ኃላፊ ሆኖም በስሙ መሬት ላይኖረው ይችላል። በግብሩ ዝርዝር ውስጥ የለም፣ በጤናው ማኅደር ግን አለ። ስለዚህ ከማኅደሩ ተነሱና የግብሩን ስም እየሰረዛችሁ ሂዱ። የሚተርፈው ስም በአብዛኛው መሬት አልባ ጎጆ ወጪ ነው። ከግብሩ ዝርዝር የሚተርፈው ደግሞ ወደ ከተማ የገባ፣ ወይም ሞቶ ውርሱ ያልዞረ ባለይዞታ ነው። ሁለቱንም በቁጥር ጻፉ። እማወራዎችን ለብቻ ጻፉ፤ ከእነሱም መሬታቸውን ራሳቸው የሚያሳርሱትን ለእኩል (ምርቱን ተካፍሎ ለሚያርስ ሰው) ከሰጡት ለዩ።

ቤት ስትደርሱ ደጅ ቆማችሁ «ቤቶች!» በሉ። ሰውየውን «አያ» ብላችሁ በአንቱታ አናግሩ። ጥያቄ ከመጀመራችሁ በፊት ወረቀቱ ለግብር ወይም ለእርዳታ ምዝገባ አለመሆኑን ተናገሩ፤ ያንን ሳይሰማ የሚሰጥ ቁጥር ግብርን ፈርቶ የቀነሰ ወይም እርዳታን አስቦ የጨመረ ይሆናል።

መሬቱ

አርሶ አደሩ በጥማድ ይናገራል፣ በምዕራብ ጎጃም ደግሞ ቃዳ ማለት የተለመደ ነው። የመንግሥት ቢሮው አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ብሎ ይቀይረዋል፤ አንድ ጥማድ 2,500 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 50 በ50 ሜትር ይሆናል። ችግሩ ጥማድ ከጥንቱ አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሆኑ ነው። ከባድ ዋልካ (ጥቁር አፈር) ላይ በሬው የሚያርሰው ቀላል አፈር ላይ ከሚያርሰው ያንሳል፣ ተዳፋት ላይም እንደዚያው። ስለዚህ አምስት ወይም ስድስት ማሳ ምረጡና ባለቤቱ «ይህ አንድ ጥማድ ነው» ያለውን በገመድ ለኩት። አማካዩ 2,100 ከሆነ የጎጡ ጥማድ 2,100 ነው፤ «ለ» ብላችሁ ጻፉት፣ የቢሮውንም አጠገቡ አስቀምጡ።

አፈሩን ሰው በሚጠራው ስም መዝግቡ። ዋልካ ክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በቢቸናና በደጀን አካባቢ እንደሚታየው የጤፍ፣ መስከረም ሲጠባም በቀረው እርጥበት የሚዘራ የሽምብራና የጓያ አገር ነው። ጓያን ለብቻው ጻፉት፤ በክፉ ቀን ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳልና ስንት ቤት እንደሚዘራው ጤና ጣቢያው ሊያውቅ ይገባል። ቀይ አፈር ላይ ደግሞ ስለ ኖራ ጠይቁ። በማቻከል፣ በስናንና በአዊ ደጋማ ቦታዎች ዝናብ አልሚ ንጥረ ነገሩን አጥቦ አፈሩን አሲዳማ አድርጎታል፤ ኖራ ያላገኘ ማሳ ማዳበሪያ ቢጨመርበትም ተገቢውን ምርት አይሰጥም። ግብጦና እንግዶ የሚዘራበትን ቦታ ምልክት አድርጉ፤ መሬቱ ሲደክም የሚመጡ ሰብሎች ናቸውና።

ከፍታውን በስልክ ያዙ። ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ወይና ደጋ፣ ከዚያ እስከ 3,200 ደጋ፣ ከዚያ በላይ ውርጭ ነው። ከጮቄ ተራራ ወደ ዓባይ ሸለቆ ስትወርዱ አንድ ወረዳ ውስጥ ሦስቱንም ልታገኙ ትችላላችሁ፤ «ወረዳው ወይና ደጋ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከፕሮፋይላችሁ አውጡት።

ተዳፋቱን በሲባጎው ለኩ። 10 ሜትሩን ቁልቁል ዘርጉ፣ ውሃ ልኩ መሐል እስኪቆም የታችኛውን ጫፍ ከፍ አድርጉ፣ ከመሬት ያለውን ቁመት ለኩ። 1 ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 10 በመቶ ነው። ጫፉ ላይ የቆመው ሰው ሲባጎውን ካላወጠረ መሐሉ ይረግብና ውሃ ልኩ ይዋሻል።

ምርቱ

«ካንድ ጥማድ ስንት ኩንታል?» ብሎ መጠየቅ ይቀላል፤ መልሱ ግን የጥሩ ዓመት ትዝታ ነው። አውድማ ላይ ሄዶ ጆንያ መቁጠርም አይመከርም፤ ብዙ ሰው እህሉ ሲቆጠርበት በረከቱ የሚርቅ ይመስለዋል፣ ስሜቱን አክብሩ። የሚሻለው አጭዶ መመዘን ነው።

ማሳው ከመታጨዱ ሁለት ወይም ሦስት ቀን አስቀድማችሁ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ከጠርዙ ቢያንስ አምስት እርምጃ ግቡ፣ ጀርባችሁን አዙራችሁ ድንጋይ ወርውሩና በወደቀበት 4 በ4 ሜትር በአራት ችካል ክበቡ። ድንጋዩን የምትወረውሩት ዓይን ሁልጊዜ ያማረውን ቦታ ስለሚመርጥ ነው። ውስጡን እጨዱ፣ በሸራ ላይ አድርቁ፣ ውቁ፣ አንፍሱ፣ መዝኑ። ኪሎውን በ6.25 ስታባዙ ኩንታል በሄክታር ይወጣል። 2.4 ኪሎ ጤፍ ከተገኘ 15 ኩንታል በሄክታር ነው። የተመዘነውን እህል ለባለቤቱ መልሱ።

ሰብል አንድ ቦታ ብቻ አይለካም፤ ለእያንዳንዱ ዋና ሰብል ሦስት ማሳ፣ አንዱ ማዳበሪያ በወጉ ያልጨመረ ሰው ማሳ ይሁን። ስህተት የሚበዛው ጤፍ ላይ ነው፤ ያለ ሸራ ከተወቃ ፍሬው መሬት ውስጥ ይቀራል። እርጥብ ሆኖ ከተመዘነም ቁጥሩ ይነፋል።

በሬና ከብት

«ስንት ከብት አለዎት?» የሚለው ጥያቄ በር ይዘጋል። ይልቅ «ዘንድሮ በስንት በሬ አረሱ? ከማን ጋር ተቀናጁ?» በሉ። ባለ አንድ በሬ ከባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጆ ይገባል፤ የአንዱን ስም ሲጠራ የሌላውን መልስ ታረጋግጣላችሁ። በሬ አልባ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት፣ ከዚያ በላይ ብላችሁ አራት ረድፍ ሥሩ። ጤፍ ማሳ አራት እስከ ስድስት ጊዜ መታረስ ስላለበት በሬ የሌለው ሰው ወይ ዘግይቶ ይዘራል፣ ወይ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። ከዚህ ሠንጠረዥ በላይ የጎጡን ኑሮ የሚያሳይ ገጽ የለም ብንል አልተጋነነም።

ላም፣ ጊደር፣ ወይፈን፣ ጥጃ፣ በግና ፍየል፣ አህያ፣ ቀፎ ቀጥሎ ይጠየቃል። ቀፎው ባህላዊ ይሁን ዘመናዊ ለዩ።

ውሃው

ምንጩን በሚያዝያ፣ ሴቶቹና ልጆቹ ቀድተው ከሄዱ በኋላ ረፋዱ ላይ ለኩ። ጀሪካኑን ከቧንቧው ሥር ደቅኑ፣ ሰዓቱን ያዙ፣ ሞልቶ ሲፈስ አቁሙ። ሦስት ጊዜ ደጋግሙና አማካዩን ውሰዱ። 50 ሰከንድ ከፈጀ በሰከንድ 0.4 ሊትር ነው። በቀን 34,560 ሊትር ይሆናል ብሎ መጻፍ ግን ማሳሳት ነው፤ ማጠራቀሚያ ከሌለ የሌሊቱ ውሃ ወንዝ ይገባል። ሰው የሚቀዳበትን አሥር ሰዓት ብቻ ብንይዝ 14,400 ሊትር ነው። ለገጠር የተያዘው መስፈርት በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነው፤ ምንጩ የሚበቃው ለ576 ሰው ነው ማለት ነው። ጎጡ 700 ሰው ካለው የጎደለው ማጠራቀሚያ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ጉድጓድ ከመቆፈር ይረክሳል።

ወረፋውን ደግሞ ቆማችሁ ቁጠሩት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጀሪካን አስቀምጣ የመጣች ልጅ ስንት ሰዓት ላይ እንደተመለሰች መዝግቡ፤ ትምህርት ቤት መቅረትን የሚያብራራው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

የዓመቱ ዑደት

ከአምስት ወንዶችና ከአምስት ሴቶች ጋር ለየብቻ ተቀመጡ። መሬት ላይ አሥራ ሦስት ሳጥን ሥሩ፣ ጳጉሜን አትርሱ። የበቆሎ ፍሬ ስጧቸውና ሥራው በሚበዛበት ወር ብዙ፣ በሚቀንስበት ጥቂት እንዲያስቀምጡ አድርጉ፤ ቀጥሎ ለጎተራው፣ ለበሽታው፣ ለብድሩ እንዲሁ። የወንዶቹ ከሴቶቹ አይገጥምም። ወንዶች ጥር ላይ ሥራ የለም ይላሉ፤ ሴቶቹ ጥር ላይ የሠርግ ድግስ፣ የበርበሬ ቅንጠሳና ማገዶ አለ ብለው ፍሬውን ይከምራሉ። ሁለቱንም እንዳሉ አስቀምጡ፣ አማካይ አታውጡላቸው። ጎተራ የሚጎድለው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፤ የእሸት በቆሎ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ በሳምንት ጠይቁ።

ለሕዝቡ ማንበብ

በኢንዶኔዥያ «ደሳ» የሚባለው የገጠር መንደር አስተዳደር «ዱሱን» በሚባሉ ጎጥ መሰል ሰፈሮች ይከፈላል። በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ቁጥር 6 የመንደር ሕግ የመንግሥት በጀት በቀጥታ ለመንደሩ እንዲደርስ አድርጓል፤ የዓመቱ ገቢና ወጪም በትልቅ ባነር ታትሞ ከጽሕፈት ቤቱ ደጅ ሲሰቀል ማየት የተለመደ ነው። ሩዝ ዘሪው ገበሬ ከመንገድ ቆሞ ያነበዋል። ለእኛም ጎጥ ይህ ይገባዋል።

የተጠናቀቀውን ረቂቅ በበዓል ቀን ከቅዳሴ በኋላ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የቤተሰብ ስምና የግል ከብት ቁጥር አይነበብም፤ ድምር ብቻ። «የምንጩ ውሃ ይህን ያህል ነው» ስትሉ «አይ፣ ካቻምና ነው እንዲህ የቀነሰው፣ ባሕር ዛፍ ከላዩ ከተተከለ ወዲህ» የሚል ሰው ይነሳል። ያን ጊዜ ደብተሩን ገልብጡና ጻፉ፣ አትከራከሩ። በማግስቱ ወደ ምንጩ ወጥታችሁ ዛፉ ስንት ሜትር ርቀት ላይ እንዳለ በገመዱ ለኩ።

አንዱን ቅጂ ለቀበሌው፣ አንዱን ለእድሩ ዳኛ ስጡ። በሚቀጥለው ሚያዝያ ሁሉንም እንደገና መሥራት አያስፈልግም፦ ምንጩን፣ የበሬውን ሠንጠረዥና የጎጆ ወጪዎቹን ቁጥር ብቻ አድሱ፣ የተቀየረውን በአዲስ ቀን ጻፉ፣ የድሮውን ግን አትሰርዙ።