አሮጌ ሞተር አልነሳ ስትል፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን እዩ

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፣ የምነዳት ደግሞ ሲጂ 125 የሚባለው ኢንጂን ያላት የቻይና ሞተር ሳይክል ናት፣ እድሜዋ ከአስር አመት አልፏል። ይሄ ኢንጂን መጀመሪያ የሆንዳ ነው፣ እ.ኤ.አ በ1976 ነው የወጣው፣ ከዛ በኋላ የቻይና ፋብሪካዎች አስመስለው ሰሩትና በየሀገሩ ገባ፣ ስለዚ የቤንዚን ታንኩ ላይ የተለጠፈው ስም ምንም ይሁን የናንተም ሞተር ውስጥ ያለው እሱ ሊሆን ይችላል። ቀላል ኢንጂን ነው፣ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፣ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) አለው፣ ኮምፒውተር የለውም፣ ጥቂት መፍቻ፣ ካቻቢቴና አንድ ፒንሳ ካለ አብዛኛው ችግሩ ግቢ ውስጥ ይፈታል።

ይሄን የምፅፈው ሰው ገንዘቡን ያለ ቦታው ሲያፈስ ስለማይ ነው። ሞተር አልነሳ ካለች መጀመሪያ የሚባለው ሲዲአይ (እሳቱን የሚቆጣጠረው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሳጥን) ተቃጥሏል ነው፣ እሱ ተቀይሮ ካልሆነ ኮይሉ (ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው) ነው ይባላል፣ እሱም ካልሆነ ካርቡሬተሩን በሙሉ ቀይር ይባላል። ሞተር ለመነሳት የምትፈልገው አራት ነገር ነው፣ እሳት፣ ቤንዚን፣ አየርና ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየርና ቤንዚኑን የሚጨምቅበት ግፊት)። የትኛው እንደጎደለ ሳታውቁ ብር አታውጡ።

ጠዋት ብትረግጧት ብትረግጧት አልነሳ ካለች

መጀመሪያ ቀላሉን። የቤንዚን መክፈቻው ክፍት ነው? መሪው ላይ ያለው የማጥፊያ ማብሪያ ልጅ ነክቶት ይሆን? ይሄን ሁለቱን ሳያዩ ሞተር እየገፉ ጋራዥ የደረሱ ሰዎች አውቃለሁ። ከዛ ካንዴላውን (እሳት የሚረጨውን) ፍቱና እዩት፣ ብዙ ነገር የሚናገረው እሱ ነው። በቤንዚን ከራሰ ቤንዚን እየደረሰ ነው ግን እሳት የለም ወይ ደግሞ ቤንዚን በዝቶባት ታፍናለች ማለት ነው። ደረቅ ከሆነ ቤንዚኑ አልደረሰም።

እሳት ለማየት፣ የተፈታውን ካንዴላ ቆቡ ውስጥ መልሱትና ብረቱን ኢንጂኑ ላይ አስነኩት፣ ግን ካንዴላው ከተፈታበት ቀዳዳ ራቅ አርጉት ምክንያቱም ከዛ ቀዳዳ የቤንዚን ትነት ይወጣል፣ እሳት ሊይዝ ይችላል። ጥላ ቦታ ሆናችሁ ቁልፉን ከፍታችሁ እርገጡ። ሰማያዊ ሆኖ ጠጭ ጠጭ የሚል ከሆነ ጤነኛ ነው። ቀጭንና ቢጫ ከሆነ ደካማ ነው፣ መጀመሪያ ካንዴላውን በአዲስ ሞክሩ፣ የዚህ ኢንጂን ካንዴላ ዲ8ኢኤ (D8EA) የሚባለው ነው፣ ጫፉ ላይ ያለው ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት።

ጭራሽ እሳት ከሌለ ሲዲአይ ለመግዛት አትሩጡ። የካንዴላው ቆብ ከሽቦው ላይ እየተሽከረከረ ይወጣል፣ አውጡትና የሽቦውን ጫፍ ግማሽ ሳንቲ ያህል ቆርጣችሁ መልሳችሁ አሽከርክሩት፣ በአሮጌ ሞተር ላይ ጫፉ አረንጓዴ ሆኖ ይበሰብሳልና ይሄ ብቻ ስንቱን ፈቶታል። ካልሆነ ወደ ሲዲአዩ ከሚገቡት ሽቦዎች ውስጥ ጥቁር ሆኖ ነጭ መስመር ያለው አለ፣ በሆንዳና በሆንዳ ዘመዶች ላይ እሱ የማጥፊያው ሽቦ ነው፣ ከቁልፉና ከማጥፊያ ማብሪያው ነው የሚመጣው። እሱን ብቻ ነቅላችሁ እርገጡ። እሳት ከመጣ ሲዲአዩ ደህና ነው፣ ችግሩ ቁልፉ ወይ ማብሪያው ውስጥ ነው፣ ፈታችሁ በብርጭቆ ወረቀት አፅዱት። አንድ ነገር ግን አስታውሱ፣ ሽቦው እንደተነቀለ ሞተሯ ከተነሳች በቁልፍ አትጠፋም፣ ፍሬን ይዛችሁ ማርሽ አስገብታችሁ ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) በመልቀቅ ነው የምታጠፏት።

እሳቱ ደህና ሆኖ ካንዴላው ከራሰ ታፍናለች። ቤንዚኑን ዝጉ፣ ቾኩን (ስትቀዘቅዝ ለማስነሳት አየር የሚቀንሰውን) መልሱ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ይዛችሁ ሰባት ስምንቴ እርገጡ፣ ካንዴላውን አድርቃችሁ እሰሩና ሞክሩ። ይሄ ነገር በየቀኑ የሚደጋገም ከሆነ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚዘጋው መርፌ ቆሻሻ ይዞታል ወይ ተበልቷል።

ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ደግሞ ከካርቡሬተሩ ሳህን ስር ያለችውን ትንሽ ብሎን ላላ አርጉና በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀበሉ። ምንም ካልወረደ ከታንኩ እስከዛ ያለው መንገድ ተዘግቷል፣ መክፈቻው ውስጥ ያለውን ወንፊትና ፊልትሮውን እዩ። ከወረደ ጠርሙሱን ደቂቃ አስቀምጡትና ወደ ብርሃን ያዙት። ታች ላይ እንደ እንቁላል ነጭ የሚንከባለል ነገር ካያችሁ ውሃ ነው። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን የቀዳችሁ ቀን በተለይ ይሄን እዩ፣ ውሃ ብቻ ሳይሆን ላምባም ይቀላቀልበታል፣ ላምባ ግን ከቤንዚን ጋር ስለሚዋሃድ በአይን አይለይም፣ አንድ ጠብታ ወረቀት ላይ ጣሉ፣ ቤንዚን ቶሎ ተኖ ይጠፋል፣ ላምባ የቅባት ምልክት ጥሎ ይቆያል።

ኮምፕሬሽን ደግሞ ካንዴላውን አውጥታችሁ ቀዳዳውን በአውራ ጣት ደፍናችሁ ሌላ ሰው ሲረግጥ ጣታችሁን ገፍቶ መውጣት አለበት። ካልገፋ በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩና ድገሙት። አሁን ከገፋ ፋሻው (ፒስተኑ ላይ ያለው ቀለበት) አልቋል፣ አሁንም ካልገፋ ቫልቩ ነው፣ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ወጪ በማስተካከል ይድናል፣ ታች እመጣበታለሁ።

ተነስታ ሩብ ሰዓት ከሄደች በኋላ ቀጥ የምትል ከሆነ

ይሄ እኔን ሦስት ወር ያሰቃየኝ ነው። ወደ ደብረ ሲና ስሄድ አስር አስራ አምስት ደቂቃ በሰላም ትሄድና ነዳጅ እንዳለቀባት እየተንገጫገጨች ትቆማለች፣ አስር ደቂቃ አርፋ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ሲሞቅ የሚደክም ኤሌክትሪክ ነው ተባልኩና ሲዲአይ ተቀየረ፣ ኮይል ተቀየረ፣ ቀጥሎ ስታተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የሽቦ ጥቅል) ይጠቅለል ተባለ፣ ያኔ ብሩም አልቆብኝ ነበር። አንድ ቀን መንገድ ላይ ቆማ ቤንዚን አለ ወይ ብዬ የታንኩን ክዳን ስከፍተው ፍስስስ ብሎ አየር ሳበ፣ ክዳኑን እንደከፈትኩ ረገጥኳት፣ በአንዴ ተነሳች። ክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል አለች፣ በአቧራና በጭቃ ደርቃ ተደፍና ነበር። ቤንዚን ሲወርድ በቦታው አየር ካልገባ ታንኩ ውስጥ ባዶ ይፈጠርና ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል፣ ቆማ ስትቆይ አየር ቀስ ብሎ ሾልኮ ይገባል፣ ስለዚ ነው አርፋ የምትነሳው። በመርፌ አፀዳሁት፣ አለቀ። ስለዚ ይሄ ምልክት ካለባችሁ ከማንም በፊት፣ በቆመችበት ቅፅበት ክዳኑን ክፈቱ። ክዳኑ ተከፍቶም ካልተነሳች ያኔ ወዲያው ካንዴላ ፍቱና እሳት እዩ፣ ሳትበርድ፣ ምክንያቱም ሲሞቅ የሚጠፋ ኮይልም አለ፣ ግን የሚታወቀው በሞቀችበት ሰዓት ሲታይ ነው።

ጥቁር ጭስ፣ ጉልበት ማጣት፣ ካንዴላ ጥላሸት መልበስ

ደጋ ላይ ለምንኖር ይሄ ዋናው ነው። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩ ባህር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ የሳሳ ነው፣ ካርቡሬተሩ ግን ለቆላ እንደተሰራ ቤንዚኑን ያንኑ ያህል ይሰጣል፣ ስለዚ ቤንዚን ይበዛና በደንብ ሳይቃጠል ጥቁር ሆኖ በማርሚታ ይወጣል። ጣርማ በርን አልፋችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት ከወረዳችሁ፣ እዛ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ያቺው ሞተር ራሷ ጉልበት አግኝታ ታዩዋታላችሁ፣ ምንም የተነካ ነገር ሳይኖር።

ግን ሁሉን በደጋ አታሳብቡ፣ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጡ። የስፖንጁ አይነት ከሆነ በላምባ ወይ በሳሙና ውሃ እጠቡት፣ ጭምቅ አርጋችሁ አድርቁት፣ ትንሽ የሞተር ዘይት አስነክታችሁ መልሱት። የወረቀቱ ከሆነ አይታጠብም፣ ይራገፋል ወይ ይቀየራል። ፊልትሮውን ጥሎ መንዳት ግን ሲሊንደሩን በአቧራ መፍጨት ነው፣ አታርጉት። ቾኩም ሙሉ በሙሉ መመለሱን እዩ። ከዛም ካልጠራች ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ረጅሙ መርፌ አናቱ ላይ የተቦረቦሩ መስመሮች አሉት፣ ክሊፑን አንድ መስመር ወደ ላይ ስታደርጉት መርፌው ዝቅ ይልና ቤንዚን ይቀንሳል። እሱም ካልበቃ ዋናውን ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ብሎን) አንድ ወይ ሁለት ቁጥር ዝቅ ባለ መቀየር ነው። ወርዳችሁ ቆላ ለመኖር ከሆነ ግን መልሱት፣ ቤንዚን ያነሰባት ሞተር ትግላለች፣ ካንዴላው ነጭ ይሆናል፣ ፒስተን እስከማቅለጥ ትደርሳለች። ጤነኛ ካንዴላ ቀለሙ እንደ ተቆላ ገብስ ፈዘዝ ያለ ቡና አይነት ነው።

ጄት ስታፀዱ በሽቦ አትጎርጉሩት፣ ቀዳዳው በጣም ስስ ነው፣ ትንሽ ከሰፋ ተበላሸ፣ በቤንዚን ዘፍዝፋችሁ በጎማ መንፊያ ንፉበት። ቤንዚን በአፍ መንፋትም መሳብም ይቅር።

ሰማያዊ ጭስ ሌላ ነው፣ እሱ ዘይት መቃጠሉ ነው። ስትነሳ ብቻ ጨሳ የምትተው ከሆነ የቫልቭ ጎማ ነው፣ ርካሽ ነው። ሁሌ የሚጨስና ነዳጅ ስትሰጡ የሚብስ ከሆነ ፋሻና ሲሊንደር ነው፣ እሱን ለባለሙያ ስጡት፣ እስከዛ ግን የዘይት መለኪያውን በየሁለት ቀኑ እዩ፣ ይሄ ኢንጂን የሚይዘው አንድ ሊትር ገደማ ብቻ ነው፣ ትንሽ ሲጎድል እንኳ ይጎዳል።

ከኢንጂኑ አናት ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የቫልቭ ክፍተት መስፋት ነው። ድምፁ ራሱ ብዙ አይጎዳም፣ የሚጎዳው ዝም ስትል ነው፣ ማለትም ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ ሙሉ ሳይዘጋ ይቀርና ኮምፕሬሽን ታጣለች፣ ሞቃ አልነሳም ትላለች፣ ቫልቩም ይቃጠላል። ስለዚ ድምፅ የለም ብላችሁ አትዝናኑ።

ሌሊቱን አድራ ጠዋት ቀዝቅዛ ሳለ ነው የሚሰራው። ካንዴላውን አውጡ፣ የላይኛውን ክዳን ፍቱ፣ በግራ በኩል ያሉትን ሁለት መድፈኛዎች ክፈቱና ማግኔቱን ኢንጂኑ በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ አርጋችሁ አዙሩ፣ በትንሿ መስኮት የ‹ቲ› ፊደል ምልክት ከመስመሩ ጋር እኩል እስኪሆን። አሁን ሁለቱንም የቫልቭ መምቻዎች በጣት ነቅነቅ አርጓቸው፣ ሁለቱም ትንሽ ላላ ማለት አለባቸው። አንዱ ጥብቅ ካለ በተሳሳተው ዙር ላይ ናችሁ፣ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ። ከዛ 0.08 ሚሊ የሆነውን የፊለር ጌጅ (የክፍተት መለኪያ) ቅጠል በመምቻውና በቫልቩ ጫፍ መሃል አስገቡ፣ የሲጂ 125 ልክ ለሁለቱም ቫልቭ ይሄ ነው። ሲሳብ እየተንሸራተተ ግን ትንሽ ያዝ ማድረግ አለበት። ካልሆነ ዳዶውን አላልታችሁ መሃል ያለችውን ብሎን አስተካክሉ፣ ብሎኗን በካቻቢቴ አጥብቃችሁ እንደያዛችሁ ዳዶውን እሰሩ፣ ከታሰረ በኋላ ደግማችሁ ለኩ ምክንያቱም ሲታሰር ይዞራል፣ እኔ ሁሌ ሦስት ጊዜ ነው የምለካው። በወረቀት እለካለሁ የሚል አለ፣ ተራ የፎቶኮፒ ወረቀት 0.1 ሚሊ አካባቢ ነው፣ አይሆንም። የሌላ ኢንጂን ልክ ይለያል፣ ማንዋሉን እዩ።

ኢንጂኑ ይጮሃል ሞተሯ ግን አትሄድም

ፍሪሲዮን ነው። ለመፍታት ከመሮጣችሁ በፊት እጀታውን እዩ፣ ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ያህል በነፃ መላወስ አለበት፣ ገመዱ ከተወጠረ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ተይዞ እንዳለ ያቆየዋል፣ አላልታችሁ ሞክሩ። ቀጥሎ ዘይቱን አስቡ። ፍሪሲዮኑ በኢንጂን ዘይት ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ነዳጅ ቆጣቢ የሚባሉት የመኪና ዘይቶች አንሸራታች ነገር ስላለባቸው ሸራውን ያንሸራትቱታል። ጠርሙሱ ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ግዙ፣ 20ደብልዩ50 ለአሮጌ ኢንጂን ጥሩ ነው። ይሄም ካልረዳ ሸራው አልቋል፣ አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት ሌሊቱን ዘይት ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ደረቁን ከገጠማችሁት ይቃጠላል።

መብራት ሲደክም ወይ አምፖል ቶሎ ቶሎ ሲቃጠል

አንድ መልቲሜትር ካላችሁ ሁለት ደቂቃ ነው። ጠፍታ ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12 ከደረሰ ባዶ ነው በሉት። አስነስታችሁ ነዳጅ መሃል ላይ ስትይዙ ከ13.5 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። ካልጨመረ ቻርጅ አታደርግም፣ የስታተሩን ሶኬትና የሬክቲፋየሩን (የቻርጅ ማስተካከያውን) ሽቦዎች እዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ የቀለጠ ሶኬት ነው የሚገኘው። ከ15 ካለፈ ሬክቲፋየሩ ሞቷል፣ አምፖል የሚጨርሰው እሱ ነው። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ከሆነ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምሩ፣ የቧንቧም አሲድም አይደለም።

ካቴናና ፍሬን

ካቴናው (ሰንሰለቱ) መሃል ላይ ወደላይና ወደታች ሲነቀነቅ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ይላወስ። ከዛ በላይ ከሆነ ይወልቃል፣ ከጠበቀ ኩሽኔታ ይበላል። የመገጣጠሚያው ክሊፕ የተዘጋው ጫፉ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ነው የሚዞረው፣ በተቃራኒው ከተገጠመ መንገድ ላይ ተስፈንጥሮ ይወጣል።

የፍሬን ከበሮ ስትከፍቱ አቧራውን በአፍ አትንፉት፣ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ሸራው ላይ ዘይት ካረፈ በቤንዚን ታጥቦ አይመለስም፣ ቀይሩት። ከገጠማችሁ በኋላ ጎማውን አንስታችሁ በእጅ አዙሩ፣ በነፃ መዞር አለበት፣ ከዛ ግቢ ውስጥ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ አምስት ስድስቴ ያዙና ልቀቁ፣ መያዙን ሳታረጋግጡ ወደ አስፋልት አትውጡ፣ በተለይ የጣርማ በርን ቁልቁለት የምትወርዱ ልጆች።