ለኮሌጅ ቡድን ቋሚ ግብ ጠባቂ እንዴት ይመረጣል?

በደብረ ብርሃን የኮሌጅ ቡድን የሚያሠለጥን ሰው ከሁለት ተቀራራቢ ግብ ጠባቂዎች ቋሚውን ሲመርጥ በአንድ የወዳጅነት ጨዋታ ውጤት ብቻ መወሰን የለበትም፤ ሁለቱንም በየተራ ከዋናዎቹ ተከላካዮች ጋር ያሰልፋቸው፣ የሚገጥሟቸው አጥቂዎችም እኩል ጠንካሮች ይሁኑ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝና አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ከሩቅ የተመታ ኳስ ከቆላው ይልቅ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ስለዚህ የተሻጋሪ ኳስን ማረፊያ ቀድሞ የሚገምተውን፣ ለመውጣትም ሆነ ለመቅረት በጊዜ የሚወስነውን ልብ ብሎ መለየት ያስፈልጋል። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመዝነው ይህን ነው፤ ለዓይን የሚያምር ዝላይ ብዙ ጊዜ የአቋቋም ጉድለትን ይሸፍናልና።

የእግሩም ችሎታ ይፈተሽ፤ የቡድን ጓደኛው ሆን ብሎ በእግሩ ያቀበለውን ኳስ በእጅ መያዝ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው። ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ኳስን ከ8 ሰከንድ በላይ በእጁ ያቆየ ግብ ጠባቂ በቡድኑ ላይ የማዕዘን ምት ያሰጣል። ፍጹም ቅጣት ምት ማዳን ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚታይ ነው።

ውሳኔው በሰሌዳ ከመለጠፉ በፊት አሠልጣኙ ተጠባባቂ የሚሆነውን ተጫዋች ለብቻው ጠርቶ ምክንያቱንና ሊያሻሽል የሚገባውን በግልጽ ያስረዳው።