አቡ ዳቢ ያለውን ከድንጋይ የተጠረበ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ለመጎብኘት፦ ከሰሜን ሸዋ ለሚሄዱ

ከደብረ ብርሃንም ሆነ ከሸዋ ሮቢት ልጅ ወይም እህት ለመጠየቅ ኤምሬትስ የምትሄዱ፣ የካቲት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. አቡ ዳቢ ውስጥ አቡ ሙሬይካ በሚባል ቦታ የተመረቀውን ይህን ቤተ መቅደስ ሳታዩ አትመለሱ። መግቢያው በነፃ ነው፤ ግን አስቀድማችሁ በድረ ገጹ ተመዝገቡ። ሰኞ ዝግ ነው። ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ የመመለሻ መኪና ሳትነጋገሩ አትሂዱ።

ብዙ ሰው ከበር የሚመለሰው በልብስ ነው። ትከሻና ክንድ እስከ ክርን፣ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት መሸፈን አለበት። የሀበሻ ቀሚስ ጥሩ ነው፤ እጅጌ በሌለው ልብስ ላይ ስስ ነጠላ ጣል ማድረግ ግን አይበቃም፣ ገላ ያሳያላ። የደብረ ብርሃንን ሹራብ እዚያው ተዉት፤ በበጋቸው፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ያኔ ማምሻውን ሂዱ። ጫማ ስለሚወልቅ ማሰሪያ የሌለው ይሻላል።

ድንጋዩ ጊዜ ይፈልጋል። ውጪው ከራጃስታን የመጣ ሮዝ የአሸዋ ድንጋይ፣ ውስጡ የጣሊያን ነጭ እብነ በረድ ነው። ህንድ ውስጥ በእጅ ተጠርቦ፣ በመርከብ ተጭኖ መጥቶ ነው እዚህ የተገጣጠመው። በድንጋዩ መሀል ብረት አልገባበትም፤ ብረት ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥም ድንጋዩን ይሰነጥቃል። ሰባቱ ጉልላቶች የሰባቱ ኤምሬቶች ምሳሌ ናቸው። ሁሉን በአንዴ ለማየት አትሩጡ፤ አንድ ምሰሶ ምረጡና ከሥሩ እስከ አናቱ በዓይናችሁ ውጡ። አንዱ ድንጋይ ከሌላው የተገናኘበትን ቀጭን መስመር ስታገኙት የጠራቢው እጅ ይገባችኋል። ከአማልክቱ ታሪክ መካከል ግመል፣ ሳላና ጭልፊትም ተቀርጸዋል፤ የአገሩ እንስሳት ናቸው። በእጅ አትዳስሱ፣ ላብና ቅባት እብነ በረዱ ውስጥ ሰርጎ ያጠቁረዋል።

የጸሎት ሰዓት ከደረሰ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ላይ እንደምትቆሙት ጸጥ ብላችሁ ዳር ያዙ፤ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስተናጋጆቹን ጠይቁ።

ቤተ መቅደሱ ውስጥ ባለው ምግብ ጿሚዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለም ማለት የጾም ምግብ ነው ማለት አይደለም። ወተት፣ አይብና የተነጠረ ቅቤ በብዛት ይገባበታል፤ ጣፋጩም እንደዚያው። ለጣዖቱ ቀርቦ የሚታደለው ጣፋጭ ሲሰጣችሁ መቀበል ካልፈለጋችሁ ሁለት መዳፋችሁን ደረታችሁ ላይ ገጥማችሁ ራሳችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ማንም አይከፋም።