የድሮ ኤርስትሪም ጣሪያ ስትደፍኑ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ኤርስትሪም የሚሏት፣ እንደ ብር የምታብለጨልጨው የአሜሪካ ተጎታች ቤት የእኛንም አገር መንገድ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1959 ከኬፕታውን ተነስተው እስከ ካይሮ የተጓዙት ኤርስትሪሞች በኢትዮጵያ በኩል አልፈዋል። እኔም እዚህ አሜሪካ በዚያው ዘመን አካባቢ የተሠራች አንዷን እያደስኩ ነው። አሮጌውን አንቴናና የአየር ማስወጫ ከጣሪያዋ ላይ ስነቅል ቀዳዳው ቀረ። መድፈኑ ቀላል ይመስላል። ግን ጣሪያ ላይ የተሠራ ስህተት ወለል ድረስ ይወርዳል። ወለሏ ኮምፔርሳቶ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ይበሰብሳል።

ትልቁ ስህተት ሲሊኮን ነው። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ሲቀቡትም ያምራል። የቀድሞው ባለቤት አንቴናው ዙሪያ ደራርቦ ቀብቶት ነበር። ጠርዙን በጥፍሬ ይዤ ስስበው እንደ ማስቲካ ተላቆ መጣ። ከሥሩ እርጥብ ጥቁር አፈር ነበር። ውኃው ስንት ጊዜ በዚያ ሲገባ ኖሯል! የኤርስትሪም ገላ አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ደግሞ በፀሐይ ይለጠጣል፣ በብርድ ይሰበሰባል። 6 ሜትር ላሜራ የሙቀቱ ልዩነት 40 ዲግሪ ከሆነ ወደ 5 ሚሊሜትር ተኩል ይረዝማል። በዚህ ሁሉ መሳሳብ መሃል ተራ ሲሊኮን ጠርዙን እየለቀቀ ይሄዳል። የባሰው ደግሞ ቅሪቱ ነው። እሱ ላይ ሌላ ማሸጊያ አይዝም፤ አዲስ ሲሊኮን እንኳ በደንብ አይጣበቅም። እንደ ሲካፍሌክስ 221 ያለ የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ግዙ።

አሮጌው ሳይጸዳ በላዩ መቀባትም ያው ነው። በፕላስቲክ ስፓቱላ ፍቁት፤ የብረት ስፓቱላ ላሜራውን ይጭረዋል። ከዚያ በአልኮል ጥረጉት። ተጎታች ቤታችሁ ሌላ ዓይነት ሆኖ ጣሪያው ላስቲክ ከሆነ ግን ቤንዚን ነክ ማጽጃ አታስጠጉበት፣ ያሳብጠዋል።

ሌላው፣ ቀዳዳውን በብረት ቁራጭና በተራ የብረት ብሎን መድፈን ነው። ሁለቱ ማዕድናት እርጥበት ሲያገናኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል። በብሎኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ መበላት ጀምሯል ማለት ነው። አሉሚኒየም በአሉሚኒየም ይደፈን፣ ሪቬቱም (ሁለቱን ላሜራዎች አጣብቆ የሚይዘው ምስማር መሰል ማያያዣ) አሉሚኒየም ይሁን። ተራው ሪቬት መሃሉ ክፍት ስለሆነ ውኃ ያሳልፋል። ጫፉ የተዘጋውን ጠይቁ።

ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ ማሸጊያው የሚቀባበትን ቦታ ነው። ላሜራውን መትተው ከጨረሱ በኋላ ጠርዙን ዙሪያውን ይቀባሉ። ዋናው ማሸጊያ ግን በሁለቱ ላሜራዎች መሃል ያለው ነው። አዲሱን ቁራጭ ከቀዳዳው በየጎኑ ቢያንስ 3 ሳንቲሜትር አስበልጡት፤ ማዕዘኖቹንም ክብ አድርጓቸው። ሥሩን በደንብ ቀብታችሁ ሪቬቱን ስትመቱ ማሸጊያው በጠርዙ ዙሪያ ሳይቆራረጥ መውጣት አለበት። ያልወጣበት ቦታ ካለ እዚያ ጋ አልደረሰም። አንሡና እንደገና ቀቡ።

በመጨረሻ፣ እባካችሁ ሳትፈትሹ የውስጡን ግድግዳ አትዝጉ። ውኃ በገባበት ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ አግዳሚውን ይዞ ይሄድና ራቅ ብሎ ይንጠባጠባል። ማሸጊያው በደንብ ከደረቀ በኋላ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይግባ። እናንተ የአትክልት ጎማ ይዛችሁ ከታች ጀምሩ፣ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ውጡ። ከላይ ከጀመራችሁ ሁሉም ቦታ ስለሚርስ የቱ እንደሚያፈስ መለየት አትችሉም። እኔ አንቴናው ጋ ደረስኩና አሥር ደቂቃ ያህል አፈሰስኩበት። ባለቤቴ ከውስጥ ሆና «ደረቅ ነው!» አለችኝ። ወደ አየር ማስወጫው ስሻገር ግን «ቆይ፣ ቆይ!» ብላ ጮኸች። አንድ ሪቬት ማሸጊያ አልደረሰውም ነበር።